አንዲት እፍኝ ዱቄት 10 ኩንታል ናይለንን እንዴት ትለውጣለች?



ዛሬ ጠዋት ጥርሳችሁን ስትቦርሹ የብሩሹ ፀጉር ከምን እንደተሠራ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በአብዛኛው ናይለን ነው። የቦርሳ ማንገቻ፣ በክር የተሸረበ የቻርጀር ገመድ፣ የዓሣ መረብ፣ የመኪና ኤርባግ... ናይለን የሌለበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል።

ግን ሁሉም ናይለን እኩል አይደለም። የብሩሽ ፀጉር ቢበጠስ ብሩሹን ጥለን ሌላ እንገዛለን። የኤርባግ ጨርቅ ቢቀደድስ? ኤርባግ ከአንድ ሰከንድ 20ኛ ክፍል ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው ተነፍቶ የሚጠብቀን። እዚያ ላይ "ሌላ እንገዛለን" የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ ፋብሪካዎች ናይለንን እንዴት ያጠነክሩታል? አንዱ መንገድ ሳያቀልጡ፣ ጠጣር እንደሆነ፣ ማሞቅ ነው። እዚህ ሥራ ላይ በ10 ኩንታል ናይለን ውስጥ የተጨመረች 100 ግራም ዱቄት ውጤቱን ወይ ታሳምረዋለች ወይ ታበላሸዋለች። ዛሬ ይህንን እናያለን። ኬሚስትሪ ጠልታችሁ የነበራችሁም አትፍሩ፣ ቀለል አድርገን ነው የምናስረዳችሁ።

🔹 መጀመሪያ፣ ናይለን ምንድን ነው?

ናይለን ረጅም ሰንሰለት ነው። በጣም ትንንሽ ሞለኪውሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሠሩት ሰንሰለት። እንዲህ ዓይነቱን ረጅም ሰንሰለት ሳይንሱ "ፖሊመር" ይለዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 1935 በአሜሪካ ዴላዌር ግዛት፣ ዱፖንት በሚባለው ኩባንያ ቤተ ሙከራ ነው። ቡድኑን ይመራ የነበረው ዋላስ ካሮተርስ የሚባል ኬሚስት ነበር። ዱፖንት ግኝቱን ለዓለም ያበሰረው በ1938 ሲሆን በዚያው ዓመት የናይለን ጥርስ ብሩሽ ገበያ ላይ ዋለ። በ1940 ደግሞ የሴቶች ስቶኪንግ መጣ፤ አሜሪካውያን ሱቅ በር ላይ ተሰለፉ። ካሮተርስ ግን ይህንን ሁሉ አላየም። በሚያዝያ 1937፣ ገና በ41 ዓመቱ ከዚህ ዓለም ተለይቷል።

(በነገራችን ላይ "ናይለን የሚለው ስም ከኒውዮርክ እና ከለንደን የተወሰደ ነው" የሚባለው ነገር ተረት ነው። እንዳትሸወዱ።)

ያ የመጀመሪያው ናይለን "ናይለን 66" ይባላል። የሚሠራው ከሁለት ነገሮች ነው። አንዱ ሁለት ጫፎቹ ላይ አሚን የሚባል "እጅ" አለው። ሌላው ሁለት ጫፎቹ ላይ የአሲድ "እጅ" አለው። ሁለቱም ስድስት ስድስት የካርቦን አተሞች ስላሏቸው ነው 66 የተባለው። የአሚን እጅ የአሲድን እጅ ሲይዝ ሰንሰለቱ ይረዝማል፤ በተያያዙ ቁጥር ደግሞ አንድ የውኃ ሞለኪውል ይወጣል።

ይህቺን ውኃ አስታውሷት፤ በኋላ እንመለስባታለን። ምክንያቱም ውኃዋ ካልወጣች የተያያዙትን እጆች መልሳ ታለያያቸዋለች።

🔹 99 ከመቶ ያስደፍናል!

ፈተና ላይ 99 ብታመጡ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማ ነበር። ለናይለን ግን 99 ዝቅተኛ ውጤት ነው።

እንዴት መሰላችሁ? ካሮተርስ ራሱ የተወልን ቀላል ሒሳብ አለ። የሁለቱ ዓይነት እጆች ብዛት ፍጹም እኩል ነው እንበል፦

👉 99 በመቶው እጅ ከተያያዘ ሰንሰለቱ በአማካይ 100 ሞለኪውል ይረዝማል።
👉 99.5 በመቶው ከተያያዘ 200 ይሆናል።
👉 99.8 በመቶው ከተያያዘ 500 ይደርሳል።

አያችሁ? ከ99 ወደ 99.5 መሄድ ግማሽ ነጥብ ናት። ሰንሰለቱ ግን በእጥፍ ረዘመ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? እዚህም የክሩ ጉልበት ያለው የመጨረሻዋ ቅንጣት ላይ ነው። ረጃጅም ሰንሰለቶች እርስ በርስ ስለሚጠላለፉ ክሩ ሲወጠርና ሲታሽ ይችላል። አጫጭር ከሆኑ ቶሎ ይንሸራተታሉ፣ ክሩም ይበጠሳል።

ችግሩ ያቺን የመጨረሻ ግማሽ ነጥብ ማግኘት ከባድ መሆኑ ነው።

🔹 ለምን በቃ እያቀለጥን አንጨርሰውም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ናይለን 66 የሚቀልጠው 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ከዚያም በላይ ሞቆ ነው የሚሠራው። ሰንሰለቱ እየረዘመ ሲሄድ ሁለት ጣጣ ይመጣል።

አንደኛ፣ ይወፍራል። ገንፎ እየጠና ሲመጣ ማማሰያው እንደሚከብደው ማለት ነው። ወፍራም ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለችው ውኃ በቀላሉ አትወጣም።

ሁለተኛ፣ በዚያ ሙቀት ብዙ ሲቆይ ይጎዳል። ቢጫ ይሆናል፤ ሰንሰለቶቹ በጎን ተጣብቀው "ጄል" የሚባል እብጠት ይሠራሉ። ክር የሚወጣበት ቀዳዳ በጣም ጠባብ ስለሆነ አንዲት ጄል ከመጣች ክሩ ይበጠሳል፣ ማሽኑም ይቆማል።

ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሌላ መንገድ ይሄዳሉ፦ በመጠኑ የረዘመውን ናይለን አውጥተው ያቀዘቅዙታል፣ እንደ ሩዝ ፍሬ ይቆራርጡታል፣ ከዚያ ሳያቀልጡ እንደገና ያሞቁታል።

🔹 ቡና እንደመቁላት ነው

ቡና ሲቆላ ፍሬው ይቀልጣል እንዴ? አይቀልጥም። ቅርፁን እንደያዘ ውስጡ ይለወጣል። ናይለኑም እንደዚያው ነው። ፍሬዎቹ ከ160 እስከ 220 ዲግሪ ባለ ሙቀት ውስጥ ለሰዓታት ይቆያሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ቡናው እንዲጠቁር እንፈልጋለን፤ ናይለኑ ግን ጨርሶ መጥቆር የለበትም። ስለዚህ አየር (ኦክስጅን) እንዳይነካው ይደረጋል። ወይ ደረቅ ናይትሮጅን ይነፍስበታል፣ ወይ አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ ይወጣል። ናይትሮጅኑ ሌላም ሥራ አለው፤ ያቺን ውኃ ጠራርጎ ይወስዳል።

ይህ ዘዴ የጠጣር ፖሊመራይዜሽን ይባላል። "ግን ጠጣር ነገር ውስጥ ሞለኪውል እንዴት ይንቀሳቀሳል?" ካላችሁ፣ ናይለን ውስጡ ሁለት ዓይነት ሰፈር አለው። አንደኛው በሥርዓት የተደረደረ፣ ክሪስታል የሚባለው ነው። እዚያ ማንም ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛው የተዘበራረቀ ሰፈር ነው። እዚያ ያሉት ሰንሰለቶች ሲሞቁ ይንቀሳቀሳሉ። ያልተያያዙት እጆች ደግሞ አብዛኞቹ የሚገኙት እዚሁ የተዘበራረቀው ሰፈር ውስጥ ነው። ሰፈሩ ጠባብ፣ ፈላጊዎቹ ብዙ! ስለዚህ የመገናኘት ዕድላቸው ከፍ ይላል።

ፖል ፍሎሪ የሚባል ሳይንቲስት አለ። ወጣት እያለ ዱፖንት ውስጥ ከካሮተርስ ጋር ሠርቷል፤ በ1974 ደግሞ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ወስዷል። እሱ ያስረዳው አንድ ቁም ነገር፣ ሰንሰለቱ ስለረዘመ ብቻ ጫፉ ላይ ያለው እጅ አይደክምም የሚል ነው። አጭርም ሆነ ረጅም፣ እጁ ያው እጅ ነው። ጠጣር ናይለን ውስጥ ያለው ፈተና እጆቹ እንዲገናኙ ማድረጉ ላይ ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦

1. ሁለቱ እጆች መገናኘት አለባቸው።
2. ከተገናኙ በኋላ መያያዝ አለባቸው።
3. የወጣችው ውኃ ከፍሬው ውስጥ ወጥታ መሄድ አለባት።

ከሦስቱ በጣም የዘገየው የሥራውን ፍጥነት ይወስናል። ሦስት ፍተሻ ባለበት መንገድ ላይ ሁለቱን ብታፈጥኑ ሦስተኛው ላይ መሰለፋችሁ አይቀርም። ይህቺን ነገር ያዙልን፣ ስለ ቅመሞቹ የሚነገረው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው።

🔹 አሁን ወደ ቅመሞቹ

ናይለን ውስጥ ለተለያየ ዓላማ የሚጨመሩ ነገሮች አሉ። እኛ ቅመም ብለናቸዋል፤ ኬሚስትሪንም በአማርኛ ሥነ ቅመማ ይሉት የለ?

▪️ ፎስፈረስ ያላቸው ቅመሞች (አፋጣኞች)

እነዚህ ሁለተኛዋን ደረጃ ያፈጥናሉ። እጆቹ ተገናኝተው ሲያመነቱ "በሉ እንጂ!" የሚል ሽማግሌ አድርጋችሁ አስቡት። ፎስፎሪክ አሲድ፣ ሶዲየም ሃይፖፎስፋይት እና የመሳሰሉት ናቸው። መጠናቸው እጅግ ትንሽ ነው፤ በ10 ኩንታል ናይለን ውስጥ ከአስር ጥቂት ከፍ ካለ ግራም እስከ ጥቂት መቶ ግራም። ሶዲየም ሃይፖፎስፋይት በዚያ ላይ ናይለኑ ቢጫ እንዳይሆን ይረዳል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ!

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ያው ርዝመት ባጠረ ሰዓት ወይም ዝቅ ባለ ሙቀት ይገኛል። ሙቀቱ ዝቅ ሲል የሚባክነው ኃይልም የሚጎዳው ናይለንም ይቀንሳል።

"ታዲያ ለምን ብዙ አንጨምርም?" እንዳትሉ። ቅመሙ ሥራው ሲያልቅ ቤቱ አይሄድም፣ እዚያው ናይለኑ ውስጥ ይቀራል። በኋላ ክር ለመፍተል ናይለኑ ሲቀልጥ እንደገና ሥራ ይጀምራል። ያኔ ውፍረቱ ካሰቡት በላይ ሊሄድ፣ ያ የፈራነው ጄልም ሊመጣ ይችላል። እንደ ወጥ ጨው በሉት። ጠብ ሲል ያጣፍጣል፣ ሲበዛ ድስቱን ያስደፋል። ለዚህ ነው አንዳንድ አምራቾች የፎስፈረሱን ጉልበት የሚያበርድ ቤዝ በትንሹ አብረው የሚጨምሩት።

▪️ ነጩ ዱቄት፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ

ናይለን በተፈጥሮው ያብለጨልጫል። ልብስና ስቶኪንግ ላይ ያ ብልጭልጭ እንዳይበዛ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ይጨመርበታል። መጠኑ ለመካከለኛ ድብዘዛ 0.3 በመቶ አካባቢ ነው። ሙሉ በሙሉ እንዲደበዝዝ ከተፈለገ ወደ 2 በመቶ ይጠጋል።

ዱቄቱ የተጨመረው ለመልክ ብቻ ነው፣ ሰንሰለቱን አያገባውም ትሉ ይሆናል። እዚህ ጋር ነው ጉዱ! የዱቄቱ ቅንጣቶች ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ባለበት ነገር ተሸፍነው ነው የሚመጡት። ፎስፈረስና አልሙኒየም ደግሞ በጣም ይዋደዳሉ። ሽማግሌው ፎስፈረስ እጆቹን ማስማማቱን ትቶ ከአልሙኒየም ጋር ተጣብቆ ይቀራል። አፋጣኙ ተጨምሯል፣ ሒሳቡም ተከፍሏል፤ ናይለኑ ግን አይፈጥንም። መፍትሔው የሽፋኑን ዓይነት መለወጥ፣ ወይም ሁለቱ ቶሎ እንዳይገናኙ የአጨማመሩን ቅደም ተከተል ማስተካከል ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ቅመምን ለብቻው ማየት እንደማይቻል ነው። ከጎኑ ማን አለ? ያ መታየት አለበት።

▪️ የሙቀት ጠባቂዎች

የጎማ ውስጥ ክርና ሞተር አጠገብ የሚቀመጡ የናይለን ዕቃዎች ሁልጊዜ ይጋላሉ። እነሱን ለመጠበቅ ጥቂት የመዳብ ጨው ከአዮዳይድ ወይም ከብሮማይድ ጋር ይጨመራል። በዋናነት የሚጨመረው ናይለኑ በአገልግሎት ላይ ሳለ ኦክስጅን እንዳይበላው ነው። ግን በአግባቡ ካልተቀመመ መዳቡ ተለይቶ የማሽኑ ብረት ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ሌሎች ፎስፈረስ ያላቸው ጠባቂዎች ደግሞ ለጥበቃ ተቀጥረው የአፋጣኝነት ሥራም ደርበው ሊሠሩ ይችላሉ። "ጠባቂ ጨመርኩ" ያለ ባለሙያ ሳያውቀው ፍጥነቱንም ለወጠ ማለት ነው።

▪️ ጫፍ ዘጊዎች

አሴቲክ አሲድን ታውቁታላችሁ፣ ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ነው። አሴቲክ አሲድ አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው። የአሚኑን እጅ ይይዛል፣ በሌላ በኩል ግን የሚሰጠው እጅ የለውም። ሰንሰለቱ በዚያ በኩል ያበቃል። ይህ ጥፋት ሳይሆን ፍሬን ነው። ርዝመቱ ከሚፈለገው በላይ እንዳይሄድ ሆን ተብሎ ይጨመራል። ግን ፍሬን ተረግጦ ነዳጅ መስጠት አያዋጣም። ጫፎቹ ከተዘጉ በኋላ የቱንም ያህል ፎስፈረስ ብትጨምሩ የሚያያዝ እጅ የለም።

ሌላም ነገር አለ። ናይለንን ለማቅለም የሚረዱት እነዚያው ያልተያያዙ የአሚን እጆች ናቸው። አሲዳማ ቀለሞች የሚይዙት እነሱን ነው። ሰንሰለቱን በጣም ካረዘምን እጆቹ ያልቃሉ፣ ቀለሙም እምቢ ይላል። ለኤርባግ ችግር የለውም፣ ለልብስ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው።

▪️ ታልክና የሸክላ ቅንጣቶች

እነዚህ ናይለኑ ቶሎ ክሪስታል እንዲሠራና እንዲደድር ይጨመራሉ። ፍጥነቱ ላይ ያላቸው ተጽእኖ ሁለት ስለት አለው። ክሪስታሉ ሲበዛ የተዘበራረቀው ሰፈር ይጠባል፣ እጆቹ ይቀራረባሉ። ይህ ጥሩ ነው። በሌላ በኩል እንቅስቃሴው ይታፈናል፣ ለውኃዋም መውጫው ይጠመዘዝባታል። የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስኑት መጠኑ፣ የቅንጣቱ ቅርፅና ሙቀቱ ናቸው።

🔹 "ይህ ቅመም ይሠራል" ሲሏችሁ ምን ትጠይቃላችሁ?

ይሄኛው ከናይለን ውጪም ይጠቅማችኋል። አንድ ሰው "እኔ የጨመርኩት ነገር በእጥፍ አፈጠነው" ቢላችሁ፦

👉 የፍሬዎቹ መጠን እኩል ነበር? ትንንሽ ፍሬ ውኃውን ቶሎ ያስወጣል። ፍጥነቱ የመጣው ከመጠኑ ሊሆን ይችላል።
👉 ሁለቱም ከአንድ መነሻ ርዝመት ነው የጀመሩት?
👉 ሙቀቱ፣ ሰዓቱና የናይትሮጅኑ ድርቀት አንድ ነበር?
👉 ቅመም ያልተጨመረበት ማነጻጸሪያ አለ?
👉 የተለካው ምንድን ነው?

የመጨረሻው ላይ እናተኩር። ርዝመቱን ለማወቅ የተለመደው ዘዴ ናይለኑን አሲድ ውስጥ አሟምቶ ፈሳሹ በቀጭን ቱቦ ለመውረድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ማየት ነው። ሰንሰለቱ ሲረዝም ፈሳሹ ይዘገያል። ግን በጎን የተጣበቁ ሰንሰለቶችም ፈሳሹን ያዘገዩታል። ስለዚህ ያልተያያዙት እጆችም በታይትሬሽን ይቆጠራሉ፣ ቀለሙም ይታያል። ውፍረቱ ጨምሮ እጆቹ ግን ካልቀነሱ አንድ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣን ሰው ሁለተኛውን ጠይቁት።

🔹 ይሄ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?

አንደኛ፣ ዘዴው ከምታስቡት በላይ ቅርባችሁ ነው። "ሃይላንድ" የምንለው የውኃ ፕላስቲክ ናይለን አይደለም፣ ፔት የሚባል ሌላ ፖሊመር ነው። ግን የእሱም ጥሬ ዕቃ ጠርሙስ ለመሆን የሚበቃው ብዙውን ጊዜ በዚሁ በጠጣር የማሞቅ ዘዴ ሰንሰለቱ ረዝሞ ነው።

ሁለተኛ፣ ቆሻሻ። በጣና፣ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ላይ ዓሣ የሚያሰግሩ ወገኖቻችን የናይለን መረብ ይጠቀማሉ። መረብ አርጅቶ ውኃ ውስጥ ከቀረ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መያዙን ይቀጥላል። ናይለን ደግሞ በቀላሉ አይበሰብስም። ቢሰበሰብና ዳግም ጥቅም ላይ ቢውል ደስ ይላል፣ ግን ፀሐይና አገልግሎት ሰንሰለቱን አሳጥረውታል። በየጊዜው መቅለጡም የበለጠ ይጎዳዋል።

የጠጣር ፖሊመራይዜሽን እዚህ ላይ ይገባል። ያጠረውን ሰንሰለት መልሶ ሊያረዝመው ይችላል። እንቅፋቱ ግን አሁን የነገርናችሁ ነው። አሮጌው ናይለን ውስጥ ምን ቅመም እንዳለ ማን ያውቃል? አንዱ መረብ የሙቀት ጠባቂ አለው፣ ሌላው ነጭ ዱቄት አለው፣ ሦስተኛው ጫፉ ተዘግቷል። ሁሉም ተደባልቀው ሲመጡ አዲሱ አፋጣኝ ከማን ጋር እንደሚጣበቅ አይታወቅም። ናይለን 6 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሰንሰለቱን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ ወደ መነሻው ሞለኪውል መመለስና ከአዲስ መጀመርም ይቻላል፤ አኳፊል የሚባለው የጣሊያን ኩባንያ አሮጌ መረብና ምንጣፍ እየሰበሰበ የሚሠራው እንደዚህ ነው። ግን ያ ትልቅ ፋብሪካና ብዙ ኃይል ይጠይቃል።

ስለዚህ ኬሚስትሪ ወይም ኬሚካል ምህንድስና የምትማሩ ቤተሰቦቻችን፣ ገና ያልተሠራ ሥራ አለላችሁ። የማይታወቅ ቅመም ያለበትን አሮጌ ናይለን ለይቶ፣ አጥቦ፣ ሰንሰለቱን መልሶ ማርዘም ለዓለምም አዲስ ጥያቄ ነው።

🔹 ባጭሩ

✅ የናይለን ጥንካሬ ያለው በሰንሰለቱ ርዝመት ላይ ነው፤ ርዝመቱ የሚገኘውም በመጨረሻዋ ግማሽ ነጥብ ነው።
✅ ሳያቀልጡ ማሞቅ ናይለኑን ሳይጎዱ ለማርዘም ይረዳል።
✅ ፎስፈረስ ያፈጥናል፣ ሲበዛ ያበላሻል።
✅ ለመልክ የተጨመረ ነጭ ዱቄት አፋጣኙን ሊያስር ይችላል።
✅ ዘገምተኛው ደረጃ የቱ እንደሆነ ሳያውቁ ቅመም መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ መኪና ውስጥ "ኤርባግ" የሚል ጽሑፍ ስታዩ፣ ከጀርባው የተጣጠፈው ጨርቅ ክሩ ስንት ሰዓት ሳይቀልጥ እንደጋለ፣ ስንት ግራም ቅመም እንደተመዘነለት አስቡ። 

ያልገባችሁ ነገር ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ እንመልሳለን። ኬሚስትሪ የምትማር እህት ወይም ወንድም ካላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉላቸው። መልካም ቀን!